ፕላሴቦ ምንድን ነው? «በሽታው የውሸት ነበር» ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ፋርማሲው ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንድ እንግዳ ስለ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት ስለሌለበት ባዶ ክኒን፣ ሲያወራ ሰማሁ። «በባዶ ክኒን ከተሻለው መጀመሪያውኑም አላመመውም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ዋናው እምነት ነው፤ ካመንክበት ሁሉም መድኃኒት ነው» አለ። ሁለቱንም ስሰማ ዓመታት ሆነኝ። የመጀመሪያው ሕመምተኛን ያሸማቅቃል። ሁለተኛው ሰው ሊገድል ይችላል።

የምሠራው ቸርችል ጎዳና አጠገብ ነው። በየወሩ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አንዲት እናት አሉ። አንድ ወር የለመዱት ስላለቀ የሌላ ፋብሪካ አምሎዲፒን ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ያመጡትን ክኒን ፈትተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ይሄኛው ራሴን እያዞረኝ ነው። የድሮውን ስጠኝ» አሉ። ውስጡ ያለው ያው አምሎዲፒን ነው፤ መጠኑም ያው 5 ሚሊ ግራም። ግፊታቸውን ለካሁ፤ እንደወትሮው ነው። እሳቸው ግን ባንኮኒውን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ማዞሩ የውሸት አልነበረም።

ፕላሴቦ ባዶ ክኒን መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እዚያ ላይ አልቆይም። ሥራውን የሚሠራው ክኒኑ ሳይሆን የሚጠባበቀው ሰውነት ነው። ደረጃ ስትወጡ ከጎረቤት የዶሮ ወጥ ሲሸታችሁ አስቡት። አፋችሁ ምራቅ ይሞላል። ምራቁ እውነተኛ ነው፤ ይለካል። በ1978 አሜሪካ ውስጥ መንጋጋ ጥርሳቸው በተነቀለ ሰዎች ላይ የታየው ይኸው ነው። ባዶ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ሕመሙ ቀለል ያለላቸው ሰዎች ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመሙ ባሰባቸው። ናሎክሶን የኃይለኛውን የሕመም ማስታገሻ፣ የሞርፊንን፣ ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ስለዚህ አስታግሷቸው የነበረው ሰውነታቸው ራሱ ያመነጨው ሞርፊን መሰል ነገር ነበር። ታዲያ ይሄ «አላመመውም» ይባላል?

በወጡ ምሳሌ ትንሽ ልቀጥል። ጉንፋን ይዟችሁ ዶሮ ወጥ ብትበሉ ትጠግባላችሁ፤ ጣዕሙ ግን የለም። ሕመምተኛው ሳያውቅ በማሽን በኩል ማስታገሻ ሲገባለትም እንደዚያው ነው። ነርሷ አጠገቡ ቆማ «አሁን ማስታገሻ እየሰጠሁዎት ነው» ብላ ስትሰጠው የበለጠ ይሻለዋል። አንዴ ወጥ በልቶ ሌሊቱን ሲያስመልሰው ያደረ ሰው ደግሞ ሽታው ብቻ ያቅለሸልሸዋል። ይሄኛው፣ ክፉ ነገር ከመጠበቅ የሚመጣው ሕመም፣ ኖሴቦ ይባላል። የእናታችን ማዞርም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሽታ ግን አያጠግብም። የሬዲዮው እንግዳ የዘለለው ይህንን ነው። በ2011 አስም ያለባቸው ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። እውነተኛውን ኢንሄለር (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) የወሰዱትም ባዶውን የወሰዱትም «ተሻለኝ» ያሉት በተቀራራቢ መጠን ነው። ትንፋሻቸው በመሣሪያ ሲለካ ግን በእውነተኛው 20 በመቶ ጨመረ፤ በባዶው 7 በመቶ ገደማ። ምንም ሳይሰጣቸውም ያው 7 በመቶ ነው። ቀለል ብሏቸዋል፤ ሳምባቸው ግን አልተከፈተም። እንዲህ ያለ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ሌሊቱን ቤቱ ቢያድር ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቡት። ተስፋ ሕመምን፣ ማቅለሽለሽን፣ ድካምን ያቀልላል። ዕጢ አያከስምም፤ የሳምባ ምች አያድንም።

እዚህ ላይ እንደ ፋርማሲስት አንድ ነገር ካልጨመርኩ አይሆንልኝም። «መድኃኒቱ ተቀየረና አልተስማማኝም» የሚል ሁሉ ኖሴቦ ነው እንዳትሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን በጥቂት ልዩነት ውጤታቸው ይዛባል። እነዚህን የሚወስድ ሰው ፋብሪካው ሲቀየርበት ለሐኪሙ ይንገር፤ ምርመራም ያስፈልገው ይሆናል። ፀሐይ ላይ የዋለ ወይም የተጭበረበረ መድኃኒትም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ክኒኑን አያለሁ፣ ቀጥዬ ሰውየውን እሰማለሁ።

ለእናታችን ሁለቱን ፓኮዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል አሳየኋቸው። ማዞሩ ከቀጠለ ተመልሰው እንዲመጡ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ካዩ በኋላ «እስኪ ጻፍልኝ፣ ቤት ልጆቹም እንዲያዩት» አሉ። እስክሪብቶ አንስቼ አዲሱ ፓኮ ላይ «ያው የድሮው ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው።