የኢንተርኔት ስልክ ለቤት ሲመረጥ የመስመር ፍጥነት ብቻ ለምን አይበቃም?

አዳማ ውስጥ በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ለቤቱ ለማስገባት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመስመሩን ፍጥነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥሪ፣ ድምፅን ወደ ዲጂታል መልክ በሚቀይረው ጂ.711 በተባለው የተለመደ ዘዴ እንኳ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ የሚወስደው በሰከንድ 90 ኪሎቢት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ 2 ሜጋቢት ያለው መስመርም ከበቂ በላይ ነው። ንግግርን ይበልጥ የሚያበላሸው መዘግየት፣ ማለትም ድምፁ ከተናጋሪው ተነሥቶ አድማጩ ጋ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር ይህ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል የሚል ሲሆን፣ ከዚያ እያለፈ በሄደ መጠን ተነጋጋሪዎቹ ሳያስቡት አንዱ በሌላው ላይ መናገር ይጀምራሉ። መዘግየቱ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ሙከራው ቤተሰቡ ሁሉ ቪዲዮ በሚያይበት ምሽት ቢደረግ ይሻላል።

ብዙም የማይነሣው፣ በእኔ ግምት ግን ዋነኛው ጉዳይ መብራት ነው። የመዳብ መስመር ስልክ ኃይሉን በዚያው ሽቦ ከስልክ ጣቢያው ስለሚያገኝ የቤቱ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ የኢንተርኔት ስልክ ግን፣ መስመሩ ፋይበርም ቢሆን፣ ሞደሙ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በመሆኑም ለሞደሙና ለስልኩ መጠባበቂያ የሚሆን ባትሪ ዋጋ ከወርኃዊው ክፍያ ጋር አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።