ከአይሁድ ፋሲካ በኋላ ሠርግ ለምን ይቆማል?

እስራኤል ያለ ዘመድ «ሠርጉ ከላግ ባዖሜር በፊት አይሆንም» ቢላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ከአይሁድ ፋሲካ ሁለተኛ ሌሊት እስከ ሻቩዖት (የአይሁድ በዓለ ሃምሳ) 49 ቀን ይቆጠራል፤ ቆጠራው ዖሜር ይባላል። ታልሙድ (የጥንት ረቢዎች የሕግና የትምህርት መጽሐፍ) እንደሚለው፣ በዚህ ወቅት የረቢ አቂባ 24,000 ደቀ መዛሙርት እርስ በርስ ስላልተከባበሩ በበሽታ አለቁ። ስለዚህ ወቅቱ የሐዘን ነው፤ ሠርግ አይደገስም፣ ፀጉርም አይቆረጥም።

ላግ ባዖሜር የዚህ ቆጠራ 33ኛው ቀን ነው፤ በዕብራይስጥ ፊደል «ላሜድ» 30፣ «ጊሜል» 3 ነውና። ብዙ አሽከናዞች (የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ ዝርያ ያላቸው አይሁድ) በዚያው ቀን ልጆቻቸውን ይድራሉ፤ ሴፋርዶች (ዝርያቸው ከስፔንና ከፖርቱጋል የሆነ አይሁድ) ግን የ34ኛውን ቀን ንጋት ይጠብቃሉ። ሰውን በጣም የሚያምታታው ይሄ ነው።

የቤተ እስራኤል አያቶች ኢትዮጵያ ሳሉ ታልሙድ አልነበራቸውም። ቀን ሲቆረጥ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ቢሉ እውነት አላቸው።