በጃፓን ቤት መግዛት የመኖሪያ ፈቃድ ያስገኛል ወይ?

ይህ ጥያቄ በመካከላችን በተደጋጋሚ ስለሚነሳ፣ ይህችን አንዲት ነጥብ ብቻ ላብራራ። መልሱ አያስገኝም ነው።

የጃፓን ሕግ የውጭ ዜጋ፣ በአገሪቱ ባይኖርም እንኳ፣ ቤትን ከነመሬቱ በስሙ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ እጅግ ትልቅ መብት ስለሚመስል፣ የመሬት ባለቤት እንዴት ውጣ ይባላል ብለን ማሰባችን አይገርምም። ነገር ግን ባለቤትነትን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ሌላ፣ የመቆያ ፈቃድ የሚሰጠው ኢሚግሬሽን ሌላ ነው፤ ኢሚግሬሽን የሚመለከተው ሥራን፣ ትምህርትንና ቤተሰብን የመሰለ ምክንያት እንጂ የቤት ይዞታን አይደለም።

ለምሳሌ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ያላት እህታችን «አኪያ» ከሚባሉት ባዶ ቤቶች አንዱን ገጠር ውስጥ በ1,000,000 የን ብትገዛ፣ በጎብኚነት ገብታ በአንድ ጊዜ መቆየት የምትችለው እስከ 90 ቀን ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ወንድሟ ደግሞ ቤቱ የራሱ ቢሆንም አስቀድሞ ቪዛ ማግኘት አለበት። እሷ ወደ አሜሪካ ተመልሳ ቤቱ በሩ ተቆልፎ፣ ጣሪያው በረዶ ተሸክሞ ቢከርምም፣ ዓመታዊው የንብረት ግብር አይቆምም።

እስካሁን ያልኩት በመላው ጃፓን ያው ነው። ከቦታ ቦታ የሚለያየው የማዘጋጃ ቤቶች ቅድመ ሁኔታ ነው፤ አንዳንዶቹ በ«አኪያ ባንክ» መዝገባቸው በኩል ለሚገዛ ሰው እዚያው መኖርን ግዴታ ሲያደርጉ ሌሎቹ አያደርጉም፤ ስለዚህ እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቁ።