«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ…»፦ ስለ አንዲት ጭብጦ ቁጭት

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች።»

አባባሉን ሁላችንም ሰምተነዋል። ጭብጦ በልቶ የሚያውቅ ከተሜ ግን ብዙ አይመስለኝም። ጭብጦ የመንገደኛ ስንቅ ናት። ዱቄት በውኃ ይለወሳል፣ በእጅ ይጨበጣል፣ ምጣድ ላይ ወይም ፍም ዳር ይበስላል። ስሟም ከመጨበጥ የመጣ ነው። በሁለት በሦስት ጉርሻ ታልቃለች። በቅሎ ደግሞ ለድሮ ሰው ትልቅ ሀብት ናት። ዳገት ቁልቁለቱ የሚዘለቀው በእሷ ነው። ባለ በቅሎ መባል ራሱ ክብር ነበር።

እና ሰውየው የሚለው ይህን ነው። ተሟግቼ፣ ተረትቼ በቅሎዬን ባጣ እችለዋለሁ። ሳልጠየቅና ሳይፈረድብኝ የተወሰደችብኝ ቁራሽ ግን ታንገበግበኛለች።

አባባሉ ሙግት ከሚወድ አገር የበቀለ ነው። ድሮ የተጣሉ ሰዎች ያገኙትን መንገደኛ አስቁመው ዳኛ ያደርጉታል። «በሕግ አምላክ!» ከተባለ እጁን የሰነዘረ ሰው እንኳን ይቆማል። ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ የልብሳቸውን ጫፍ አቋጥረው፣ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። በሙግቱ መሀል «ማር እሰጥ»፣ «በቅሎ እሰጥ» እየተባለ ይወራረዱ ነበር። ዛሬ ጭቅጭቅን «እሰጥ አገባ» ብለን የምንጠራውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በቅሎ በፍርድ መሄዷ ቃል ለማሳመር የተባለ አይደለም። እውነትም ትሄድ ነበር። ባለቤቷም አንገቱን ደፍቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ የገባኝ በራሴ ሲደርስ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የኪራይ ክርክር ተረታሁ። ስድስት ወር ተመላልሼበታለሁ፤ የከፈልኩትም ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ዳኛዋ ግን ሰማችኝ። ለምን እንደፈረደችብኝ አንድ በአንድ አነበበች። ተናደድኩ፣ ይግባኝ ልል አሰብኩ፣ በኋላ ተውኩት። አሁን ትዝ አይለኝም ማለት ይቻላል።

በዚያው ሰሞን ለአንድ ማህተም 200 ብር ሰጥቻለሁ። ሠራተኛው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ማህተም የያዘው ሰው ወጥቷል» አለኝ። ብሩን ወረቀት ውስጥ አጥፌ ሳቀብለው ማህተሙ ከመሳቢያው ወጣ። እዚያው ነበር። መሳቢያው ሲከፈት ሲጥ ያለው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለ ቁጭት የሚያወራ ሌላም አባባል አለን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።» የዚህኛው ሰው ቁጭት አለመብላቱ ነው። የባለ ጭብጦው ቁጭት መበላቱ። «ሲሾም ያልበላ»ን በየቡናው እየሳቅን ስንደጋግመው ልጆች ይሰሙናል። እኔ ማለት ትቻለሁ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለውም ዘመኑ አልፏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ፣ ባለሥልጣኑም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 37 ደግሞ ጉዳይን ፍርድ ቤት አቅርቦ ፍርድ ማግኘት መብት ነው ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለውና መስኮቱ ላይ የሚገጥመን እንደሚለያይ ማንም ያውቃል። ቢሆንም መነሻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጭብጦዋን ወደ ፍርድ ማምጣት ነው። በቃል ለተነገረ «አይሆንም» ይግባኝ የለውም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት ውሳኔያቸውን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲሰጡ ያስገድዳል። በውሳኔው የተበደለ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስመርመር ይችላል። ስለዚህ «ጻፉልኝ» ማለት ልመናም ድፍረትም አይደለም።

አምና የአክስቴን የፍርድ ግልባጭ ልናወጣ መዝገብ ቤት ሄድን። «ፋይሉ የለም» ተባልን። ስንወጣ ጉዳይ ገዳዩ በር ላይ ጠበቀን። «አምስት መቶ ካላችሁ ከሰዓት ይገኛል።» አክስቴ ቦርሳዋን ከፈተች። «ልጄ፣ ስንት ቀን ልመላለስ? ጉልበቴ አልቋል» አለችኝ። ልፈርድባት አልቻልኩም። ብቻ እጇን ያዝ አድርጌ ተመለስን። ወረቀት አውጥተን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍን፦ «የመዝገብ ቁጥሩ ከላይ የተጠቀሰው ፋይል በዛሬው ዕለት የለም ስለተባልን፣ ይኸው በጽሑፍ እንዲረጋገጥልን እናመለክታለን።» ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመስኮቱን ቁጥር ጨመርን። ሁለት ኮፒ አድርገን አንዱ ላይ «ደርሶናል» ብለው ማህተም እንዲመቱልን ጠየቅን። ሠራተኛው አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ቆይ እስቲ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ኮፒያችን ማህተም ተመቶበት፣ ፋይሉም ተገኝቶ መጣ።

ሁሌ እንዲህ አይሳካም። ሳይሳካ ሲቀር ያ ኮፒ ማስረጃ ይሆናል። መጀመሪያ ለኃላፊው ይቀርባል። ከዚያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ አለ። ጉቦ ከተጠየቀ ጥቆማው ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። ያጠፋው የፌዴራል ዳኛ ከሆነ ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቤት ይባላል። ጠቋሚና ምስክር የሚጠበቅበት አዋጅ ቁጥር 699/2003ም ወጥቷል። ፍርሃቱ ግን በአዋጅ ብቻ አይለቅም። አራት ሰው አንድ ማመልከቻ ላይ ሲፈርም ይቀላል። ችሎትም ከተወሰኑ ጉዳዮች በቀር ለሕዝብ ክፍት ነው። የጎረቤት ቀጠሮ ቀን አብሮ ሄዶ መቀመጥ ይቻላል። የድሮው ዳኛም የሚፈርደው ሰው ከብቦ እያየው ነበር።

አክስቴ ማህተም ያለበትን ኮፒ ከግልባጩ ጋር ፌስታል ውስጥ አስቀመጠችው። በሳምንቱ ጎረቤቷ መጥታ ተዋሰችው። ወረዳ ጉዳይ አላት።