ተመሰጠረ ማለት ተረጋገጠ ማለት አይደለም
ባሕር ዳር ያለን የሰርቨር ልጆች ሰሞኑን ይቺን ደጋግመን ጠይቀናል፦ «ቨርቹዋል ማሽኑ (በሰርቨር ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራው) ከተመሰጠረ ሌላ ማረጋገጫ ለምን?»

ከአዴት ጤፍ አዘዝህ እንበል። ጆንያው አፉ ተሰፍቶ ደረሰ፤ መንገድ ላይ ማንም አልነካውም። ከመሰፋቱ በፊት አሸዋ ቢቀላቀልበትስ? ስፌቱ ይህን አይነግርህም። ምስጠራም እንዲሁ ነው።

በኤኤምዲ ኤስኢቪ-ኤስኤንፒ (የቨርቹዋል ማሽንን ሜሞሪ በሚመሰጥረው የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ቴክኖሎጂ)፣ ማሽኑ ሲነሣ ሜሞሪው ላይ የተጫነውን ፕሮሰሰሩ ራሱ ለክቶ የ48 ባይት አሻራ (ከይዘቱ የተሰላ አጭር መለያ) ያወጣል። ሲጠየቅ ፈርሞ ይሰጣል። አንተ ፊርማውን ታረጋግጣለህ፤ አሻራውንም ከምታውቀው ፈርምዌር (ማሽኑን መጀመሪያ ከሚያስነሣው ፕሮግራም) ካሰላኸው ጋር ታስተያያለህ። አንድ ቢት ከተለወጠ አይገጥምም። የዲስክ ቁልፍህን ከዚያ በፊት እንዳትሰጥ!

እስከዚህ ያለው ቁርጥ ነው። የሚለያየው የሚለካው ነው፦ አንዳንዱ ጋ ፈርምዌሩ ብቻ፣ ሌላው ጋ ከርነሉም (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ይገባል።