የሞዴል መኪና ዲፈረንሻል ምንድን ነው? ውስጡ ያለው ዘይትስ ምን ይሠራል?

በሪሞት የምትነዳ ሞዴል መኪና ቀጥ ብላ ስትሄድ የግራውም የቀኙም ጎማ እኩል ይዞራል። ስትታጠፍ ግን የውጭው ጎማ ረጅሙን፣ የውስጡ አጭሩን መንገድ ይሄዳል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 1/10 ልኬት ያላት (የእውነተኛዋ አንድ አሥረኛ የሆነች) የአስፋልት መኪና የግራና የቀኝ ጎማዋ መሃል ለመሃል 16.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃል። ዞራ ወደመጣችበት ስትመለስ፣ ማለትም ግማሽ ክብ ስትሠራ፣ የውጭው ጎማ ከውስጡ 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ አብልጦ ይሄዳል፤ 16.5ን በ3.14 ማባዛት ነው። ሰፋ አድርጋ ብትዞርም አጥብባ ብትዞርም ልዩነቱ ያው ነው። የጎማው ዙሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ የውጭው ጎማ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ትርፍ መዞር አለበት። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድፍን ዘንግ ቢታሰሩ ያንን ትርፍ የሚያካክሰው አንዱ ጎማ መሬቱን እየፋቀ ነው።

ሞተሩ ሁለቱንም ጎማ እየነዳ፣ ጎማዎቹ ግን በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው የማርሽ ጥርሶች ስብስብ ዲፈረንሻል ይባላል። ትልቁም መኪና ይኸው አለው። በትልቁ መኪና ግን የዲፈረንሻል ዘይት ዋና ሥራው ጥርስ እንዳይበላ ማለስለስ ነው። በሞዴል መኪና ዘይቱ እንደ ፍሬን ይሠራል፤ የትኛው ጎማ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያገኝ የሚወስነውም እሱ ነው። ብዙ ጀማሪ ሞተርና ባትሪ እየቀየረ የሚፈልገውን ጠባይ፣ በአንድ ትንሽ ጠርሙስ ሲሊኮን ዘይት ሊያገኘው ይችላል።

ውስጡ ምን አለ?

ኮሮና፣ ፒኞን፣ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት)፣ ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት)፣ ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) የሚሉትን ከጣልያንኛ የመጡ የጋራዥ ቃላት የሚያውቅ ሰው የሞዴል መኪና ዲፈረንሻል ሲፈታ እንግዳ ነገር አይገጥመውም። ከሞተሩ በኩል የሚመጣው ትንሹ ጥርስ ፒኞን ነው፤ ፒኞኑ ትልቁን ጥርስ፣ ኮሮናውን፣ ያዞራል። ኮሮናው ኩባያ በሚመስል ቤት ላይ ብዙ ጊዜ በ4 ብሎን ታስሯል። ቤቱ ውስጥ በመስቀለኛ ፒን ላይ የተሰኩ ትንንሽ ጥርሶች አሉ፤ ሳተላይት ይባላሉ፤ በ1/8 ባጊ (በአፈር ሜዳ የምትነዳ መኪና) አብዛኛውን ጊዜ 4 ናቸው። ሳተላይቶቹ ግራና ቀኝ ከተቀመጡ ሁለት ትልልቅ ጥርሶች ጋር ይነካከሳሉ፤ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች የሚያያዙት ከእነዚህ ሁለቱ ጋር ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ሳተላይቶቹ በፒናቸው ላይ አይሽከረከሩም፤ ሁሉም እንደ አንድ ዕቃ አብሮ ይዞራል። መኪናዋ ስትታጠፍ ሳተላይቶቹ ይንከባለላሉ፤ አንዱ ጎማ የቀነሰው ዙር ለሌላው ይጨመራል።

ዘይት የሌለው ዲፈረንሻል አንድ ድክመት አለው። ለሁለቱም ጎማ የሚሰጠው ጉልበት እኩል ነው። አንዱ ጎማ ከመሬት ከተነሳ እሱን ለማዞር የሚበቃው ጉልበት ኢምንት ናት፤ ለሌላውም የምትደርሰው ያችው ኢምንት ናት። የተነሳው በባዶ ይሽከረከራል፣ መሬት የያዘው ዝም ይላል። ወፍራም ዘይት ቤቱን ሲሞላው ግን ሳተላይቶቹ ዘይቱን እየጨመቁና እየገፉ ካልሆነ መዞር አይችሉም። የሁለቱ ጎማዎች የፍጥነት ልዩነት በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ተቃውሞም ይጨምራል። በዝግታ የሚመጣውን የመታጠፍ ልዩነት ያሳልፋል፤ ድንገት በባዶ የሚሽከረከረውን ጎማ ይይዛል። ያን ጊዜ ጉልበቱ መሬት ወደያዘው ጎማ ይሻገራል።

በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር

የዘይቱ ውፍረት የሚለካው በሴንቲስቶክ ነው። ውሃ 1 ሴንቲስቶክ ያህል ነው። የአሞርቲዘር (የጎማን ንጥቀት የሚያበርደው ዕቃ) ዘይት ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 600 ነው። የዲፈረንሻል ዘይት ከ1,000 ጀምሮ እስከ 1,000,000 ይደርሳል፤ የመጨረሻው ጠርሙሱ ቢዘቀዘቅ እንኳ ቶሎ የማይወርድ፣ ማስቲካ የሚመስል ነገር ነው። ጠርሙሶቹ ስለሚመሳሰሉ የአሞርቲዘሩን ዘይት ዲፈረንሻል ውስጥ የሚጨምር ሰው አይጠፋም፤ ውጤቱ ዘይት እንዳልነበረው ያህል ነው።

ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚነዳት 1/8 ባጊ ሦስት ዲፈረንሻል አላት፤ የፊት፣ የመሃልና የኋላ። በአፈር ሜዳ ላይ የተለመደው መነሻ 5-7-3 ይባላል፤ ፊት 5,000፣ መሃል 7,000፣ ኋላ 3,000 ማለት ነው። ከዚህ መጀመር ይሻላል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ መቀየር። ሁለቱን አንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው ምን እንዳመጣ ሊለይ አይችልም።

የፊቱ ሲቀጥን መኪናዋ ጋዝ ተለቆ ወደ ኩርባ ስትገባ አፍንጫዋን ቶሎ ታዞራለች፤ ከመጠን በላይ ሲቀጥን ግን ከኩርባው ስትወጣ የውስጠኛው የፊት ጎማ በባዶ ይሽከረከርና መሪው ይጠፋል። ሲወፍር አገባቷ ይከብዳል፣ ጋዝ ተሰጥቷት ስትወጣ ግን ፊቷ ይጎትታታል።

የመሃሉ ጉልበትን በፊትና በኋላ መካከል ያካፍላል። መኪና ስትነሳ ክብደቷ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊት ጎማዎቿ ይቀላሉ። የመሃሉ ዘይት ከቀጠነ ጉልበቱ ወደቀለሉት የፊት ጎማዎች ይሸሻል፤ እነሱም በባዶ ሲሽከረከሩ ተነፍተው ይታያሉ። ይህ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። በሚያንሸራትትና ጉድጓድ በበዛበት ሜዳ ሞተሩን የሚያለዝብ፣ መኪናዋን የሚገራ ነገር ነው። የሚያጣብቅ ሜዳ ላይ ወይም ትልቅ ዝላይ ባለበት ግን 7,000ና ከዚያ በላይ ይመረጣል።

የኋላው በጣም የሚሰማ ነው። ሲቀጥን ኋላዋ በኩርባ ውስጥ መሬት ቆንጥጦ ይይዛል። ሲወፍር ቀጥታ ስትነሳ ጥሩ ትገፋለች፤ ኩርባ ላይ ጋዝ ሲሰጣት ግን ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ ይለቁና ጅራቷ ይወጣል። «ወፍራም ዘይት ጉልበት ይጨምራል» የሚለው አባባል ብዙ መኪና ያስገለበጠው እዚህ ላይ ነው።

የሙቀት ነገር አይረሳ። ሲሊኮን ዘይት ከተራ የሞተር ዘይት ይልቅ ሙቀትን ይችላል፤ ቢሆንም ሲሞቅ ይቀጥናል። ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚሞቀው የመሃሉ ነው። ጠዋት በብርድ የተስተካከለች መኪና እኩለ ቀን ላይ ሌላ ጠባይ ካመጣች ጥፋተኛውን እዚያ ፈልጉ። ለሞቃት ቀን የመሃሉን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው።

የሚፈለገው ቁጥር ከሌለ ሁለት ዘይት መቀላቀል ይቻላል፤ ስሌቱ ግን ብዙዎችን ያሳስታል። 5,000ና 10,000 እኩል በእኩል ሲቀላቀሉ የሚወጣው 7,500 ሳይሆን 7,000 አካባቢ ነው። ቁጥሮቹ ሲራራቁ ልዩነቱ ይብሳል፤ 1,000ና 100,000 እኩል ቢቀላቀሉ የሚገኘው ወደ 10,000 የተጠጋ ነው፣ 50,000 አይደለም። የሁለቱን ብዜት ዳግም ዘር መውሰድ ጥሩ ግምት ይሰጣል። በሚቻል ሁሉ የአንድ አምራች ዘይት ብቻ ተጠቀሙ፤ የሁለት አምራቾች 5,000 በእጅ ሲሞከር አንድ ላይሆን ይችላል።

አፈታቱና አሞላሉ

ከሁሉ በፊት ዲፈረንሻሉን ከነቤቱ አውጥታችሁ ውጭውን አጽዱ። አሸዋ ክዳኑ ሲከፈት ከገባ ዘይቱ ወደ ሞረድ ይለወጣል። ብሎኖቹ ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ጥሩ የ2 ወይም የ2.5 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ያዙ፤ ጫፉ ያለቀ ብሩጎላ የብሎኑን ራስ ያበላሻል። ክዳኑ ሲነሳ የት ስንት ሮንዴላ እንደነበረ ፎቶ አንሱ።

አሮጌውን ዘይት በሶፍት ከጠረጋችሁ በኋላ ጥርሶቹን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ወይም በጥቂት ቤንዚን እጠቡ፤ ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቆ። አልኮል ሲሊኮንን በደንብ አያነሳም። ኦሪንጎቹን (ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግዱትን የላስቲክ ቀለበቶች) ግን አስቀድማችሁ አውጡ፤ ቤንዚን የነካው ላስቲክ ያብጣልና። ጥርሶቹን አንድ በአንድ እዩ፤ ጫፋቸው የተላጠ ወይም አንድ ጎናቸው የተበላ ከሆነ ይቀየራሉ። መስቀለኛው ፒን ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ እሱም አብቅቷል።

ሲገጠም በየዘንጉ መግቢያ አዲስ ኦሪንግ በሲሊኮን ግሪስ ተለውሶ ይገባል፤ ቀጥሎ ሮንዴላው፣ ዘንጉ፣ ትንሿ ፒን፣ የጎኑ ትልቅ ጥርስ፣ ከዚያ መስቀለኛው ከነሳተላይቶቹ። ዘይቱን መስቀለኛውን ፒን እስኪሸፍን ድረስ ሙሉ፤ አፍ እስከ ገደፉ አትሙሉ። ዘንጉን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩና 15 ደቂቃ አቆዩት፤ የታፈነው አየር በአረፋ ይወጣል። ወፍራም ዘይት ከሆነ አንድ ሰዓትም ይፈልጋል። መጠኑ ሲወርድ ጨምሩበት። ከመጠን ያለፈ ዘይት ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለው ወይ በኦሪንጉ በኩል ያመልጣል፣ ወይ ዲፈረንሻሉን ግትር ያደርገዋል። ያነሰ ዘይት ደግሞ የተጻፈበትን ቁጥር ውሸት ያደርገዋል፤ 7,000 የተባለው እንደ 3,000 ይሠራል። አስተማማኙ መንገድ በግራም መቶኛ የሚለካ ትንሽ ሚዛን ነው፤ በደንብ የተሞላውን ዲፈረንሻል መዝኑና ክብደቱን ጻፉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ላይ አድርሱት። ዘይት ሲቀየር ለውጡ የመጣው ከውፍረቱ እንጂ ከመጠኑ አለመሆኑን የምታውቁት እንዲህ ነው።

ጓርኒሲዮኑን (በክዳኑና በቤቱ መካከል ዘይት የሚያግደውን) አስቀምጣችሁ ብሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቁ። ቤቱ ፕላስቲክ ከሆነ ብሎኑን መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሩት፤ «ቀጭ» ብሎ ወደ አሮጌው ቦታው ሲወርድ ይሰማል፤ ከዚያ ወደፊት። እንዲህ ካልተደረገ አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ፕላስቲኩን ይጨርሰዋል። ፕላስቲክ ላይ የብሎን ማጣበቂያ አይቀባም።

ኮሮናና ፒኞን ሲጣሉ

ዲፈረንሻሉ ውስጡ ጤነኛ ሆኖ ከፒኞኑ ጋር ያለው ርቀት ከተበላሸ ዋጋ የለውም። ማስተካከያው ከኩሽኔታው ጎን የሚገባ ስስ ሮንዴላ ነው፤ በ1/8 መኪኖች የተለመደው ውስጡ 13፣ ውጩ 16፣ ውፍረቱ 0.1 ወይም 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ከኮሮናው ጀርባ ሲገባ ኮሮናውን ወደ ፒኞኑ ያስጠጋል፤ በሌላኛው ጎን ሲገባ ያርቀዋል። ትክክለኛው ኮሮናው ሙሉ ዙር ሲዞር የትም የማይከብድ፣ ሲወዛወዝ ግን ለጣት ትንሽ ክፍተት የሚሰማው ነው።

ከላላ ጋዝ ሲሰጥ «ቀጭ ቀጭ» ይላል፤ ጥርስ በጥርስ ላይ እየዘለለ ነው፤ በዚያው ቀን ኮሮናው ይላጫል። ከጠበቀ ይሞቃል፣ ኩሽኔታ ይበላል፣ ባትሪ በከንቱ ይጨርሳል። በትክክል የተገጠመውንም የሚሰብር ልማድ አለ፤ ከዝላይ ሲወረድ ጋዝ ላይ መቆየት። አየር ላይ የፈጠነ ጎማ መሬት ሲነካ በቅጽበት ይያዛል፤ ድንጋጤው ጥርሶቹ ላይ ያርፋል። ከማረፏ ጥቂት በፊት ጣትን ማላላት ነው።

ሌሎቹ ዓይነቶች

በቀላል 1/10 መኪኖች ቦል ዲፈረንሻልም ይገኛል። ዘይት የለውም፤ ትንንሽ ኳሶች በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ተጨምቀው ይሠራሉ፣ ጥብቀቱም በአንድ ረጅም ብሎን ይስተካከላል። ሁለቱን የኋላ ጎማ ይዛችሁ ትልቁን ጥርስ በአውራ ጣት ስትገፉት መንሸራተት የለበትም። ከላላ ሲነሳ ይጮኻል፤ እየጮኸ ከተነዳ ኳሶቹ ቀለበቱን ይቦረቡሩታል፣ ከዚያ በኋላ ማጥበቅ አያድነውም።

ሆን ተብሎ የሚታሰርበትም ቦታ አለ። ድንጋይ የሚወጡ መኪኖች የፊትም የኋላም ዲፈረንሻላቸው ድፍን ነው፤ አንድ ጎማ ቢንጠለጠል ሌላው መግፋት አለበትና። የድሪፍት (እየተንሸራተተች የምትነዳ) መኪና ኋላዋ ድፍን ነው፣ ምንጣፍ ላይ የምትወዳደር የአስፋልት መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊቷ።

መኪናዋን ሳትፈቱ ጤንነቱን ለማወቅ አንሷትና ሞተሩ የሚያዞረውን ትልቁን ጥርስ እንዳይዞር ያዙት። የአንዱን ዲፈረንሻል አንድ ጎማ ወደፊት ስታዞሩ ባልደረባው ወደኋላ መዞር አለበት፤ እየከበደ፣ ግን ሳይንቀጫቀጭ። ያለ ምንም ተቃውሞ ከዞረ ዘይቱ ወጥቷል። ከተንቀጫቀጨ ውስጡ የተሰበረ ጥርስ አለ፤ ስባሪው ሌሎቹን ሳይፈጭ ዛሬውኑ ይከፈት። በዘንጉ መውጫ ዙሪያ አቧራ በቅባት ተጣብቆ ከታየ ኦሪንጉ አልቋል። አዲስ የተገዛች መኪናም ከዚህ ምርመራ ነፃ አይደለችም፤ ከፋብሪካ ዘይት ጎድሎባቸው የሚመጡ አሉና፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት የባትሪ ሙሌቶች በኋላ ከፍቶ ማየት ይገባል።