ጊዜያዊ የአደባባይ ሥዕል ግምገማ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ነው እንበል። አንድ አደባባይ ዳር ረዥም የብሎኬት አጥር አለ። ያረጀ ፖስተር ተደራርቦበታል፤ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍም አያጣም። ሦስት ወጣት ሠዓሊዎች አጥሩን አዩና «ለስድስት ወር ሥዕል እንሣልበት፣ ከዚያ እናነሣዋለን» ብለው ለከተማ አስተዳደሩ ማመልከቻ አስገቡ። ንድፉንም አያያዙ።

ማመልከቻው ገቢ ከሆነበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያው ቀለም ግድግዳው ላይ እስኪያርፍ ድረስ የሚደረገው ማጣራት፣ ማሻሻያና ውሳኔ ነው የሥዕል ግምገማ የሚባለው። ከተማው የሁሉም በሆነ ቦታ ላይ አንድ ሥዕል እንዲታይ ከመፍቀዱ በፊት አገላብጦ ያየዋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ጥቂት ኃላፊዎች ጠረጴዛ ከበው «ያምራል»፣ «አያምርም» የሚባባሉበት ስብሰባ ይመስለዋል። እውነት ለመናገር እንደዚያ የሚሆንበት ጊዜም አይጠፋም። ነገሩን የሚያበላሸውም ይኸው ነው። ደህና ግምገማ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ግድግዳው የማን ነው? ቀለሙን ይችላል ወይ? ሥዕሉ እዚያ ቦታ ላይ ማንን ያውካል? ስንት ጊዜ ይቆያል? በመጨረሻስ ማን ያነሣዋል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ቆይቼ እመጣበታለሁ።

የባለቤትነቱ ጉዳይ ቶሎ ያልቃል፣ ወረቀት ካለ። አጥሩ የመንግሥት፣ የትምህርት ቤት፣ የግለሰብ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። «ባለቤቱ አጎቴ ነው፣ ችግር የለም» አይበቃም። ቤቱ ነገ ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት አጎት አይደለም። የጽሑፍ ፈቃድ ይያያዝ። ግድግዳው ቅርስ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደብረ ብርሃን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቆረቆረች ከተማ ናት። አንኮበርም የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። በሰሜን ሸዋ ያረጀ ግንብ ሁሉ ዝም ብሎ ግንብ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ስላለ፣ ቅርስ የሆነን ነገር ለመንካት የከተማው ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ለስድስት ወር ነው ማለትም አያድንም። ድንጋይ ውስጥ የገባ ቀለም በስድስት ወሩ ተነሥቶ አይሄድም።

ቀጥሎ ግድግዳው ራሱ ይታያል። ብዙ ገምጋሚ ይህን ይዘለዋል። ንድፉን በስልክ አይቶ «ጸድቋል» ይላል። ቦታው ድረስ ሄዶ ግድግዳውን መንካት ነው ዋናው። መዳፍን ጫን አድርጎ ማሸት። እጅ ነጭ ዱቄት ይዞ ከተመለሰ የድሮው ቀለም ሞቷል። በላዩ የሚቀባው ሁሉ አብሮት ይረግፋል። ስለዚህ መፋቅ፣ ማጠብ፣ ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዝ የመጀመሪያ ቅብ) መቀባት ይመጣል፤ ይህ ደግሞ በጀቱ ውስጥ መኖር አለበት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመሬት በላይ አንድ ክንድ ያህሉን ማየት ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ መሬት መትቶ ጭቃ የሚረጨው እዚያ ላይ ነው። ልስኑ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ካወጣ ግድግዳው ከሥር ውሃ እየሳበ ነው። እዚያ ላይ የተሣለ የሰው እግር ነሐሴን አይሻገርም። ነገሩን የሚያውቅ ሠዓሊ የታችኛውን ክፍል ሣርና ድንጋይ ያደርገዋል። ሲላጥ በአንድ ጠዋት ይጠገናል።

ብርዱም አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እኛ «ፕላስቲክ» የምንለው በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ብርድ ላይ በደንብ አይያያዝም። ሙቀቱ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ባይቀባ ይሻላል። ስለዚህ «ታኅሣሥ ላይ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እንጀምራለን» የሚል የሥራ ዕቅድ ያየ ገምጋሚ «ፀሐይ ግድግዳውን እስክታሞቀው ቆዩ፣ ማታም በጊዜ አቁሙ» ቢል ቢሮክራሲ አይደለም። ሥዕሉን ማትረፉ ነው። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ጥላችሁ ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ደግሞ ጣጣው ተገልብጦ ይጠብቃችኋል። እዚያ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ሳለ መድረቅ ይጀምራል። አንድ ዞን ውስጥ ሆኖ አንድ ዓይነት መመሪያ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ግድግዳውን ሳይነኩ መሥራትም ይቻላል። ሥዕሉ ሸራ፣ ቺፕውድ ወይም ላሜራ ላይ ይሠራና ይሰቀላል። ይህ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የምናያቸው የግድግዳ ሥዕሎች መጀመሪያ ጨርቅ ላይ ተሥለው ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ለጊዜያዊ ሥራ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ሲያበቃ ተነሥቶ ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ ውስጥ ሊገባ ይችላልና። ግን ዋጋ አለው። ቺፕውድ ዝናብ ሲነካው ያብጣል። ሸራ ደግሞ ነፋስ ሲገባበት እንደ ጥላ ይገለበጣል። የአካባቢውን ነፋስ የሚያውቅ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በምን ታሰረ?» ብሎ ነው። ከላይ የሚወድቅ ላሜራ በሥሩ ለሚያልፍ ሰው ሥነ ጥበብ አይደለም።

አደባባይ ደግሞ ባዶ ቦታ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ተሳቢ የጫነ ሾፌር፣ ባጃጅ፣ በግ የሚነዳ ገበሬ፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛሉ። ስለዚህ ሥዕሉ የትራፊክ ምልክት ይከልላል ወይ? ማታ በመብራት ያንጸባርቃል ወይ? የባሕር ዛፍ መወጣጫው እግረኛውን ወደ አስፋልት ይገፋዋል ወይ? ሥራው በጥምቀት ወይም በደመራ ሰሞን ላይ ይውላል ወይ? ይህን ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልግም። የትራፊክ ፖሊስና የደብሩ ሰዎች ቢጠየቁ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

አሁን ወደ ሥዕሉ ይዘት። ሠዓሊዎቹ ያቀረቡት ንድፍ የመንዝን የሱፍ ሥራ የሚያሳይ ነው እንበል። አንዲት ሴት ሸማኔ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እየሠራች፣ ጎኗ ሕፃን ልጅ። ንድፉ ለሕዝብ ሲታይ አንድ አዛውንት ቀረብ ብለው ያዩና እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦ «ልጄ፣ ሥዕሉስ ግሩም ነው። ግን በእኛ አገር ሴቷ ትፈትላለች፣ የሚሸምነው ወንዱ ነው።» ሠዓሊው ሁለት መንገድ አለው። ሳያውቅ ከሆነ «አመሰግናለሁ አባባ» ብሎ እንዝርቱን ለእሷ፣ መወርወሪያውን ለእሱ ይሰጣል። ሆን ብሎ ከሆነ ደግሞ «ቢለወጥስ ብዬ ነው» ብሎ ያስረዳል፤ እንደዚያ ማለት መብቱ ነው። ገምጋሚው ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አለበት። ስሕተትን መንገር ሌላ፣ ሐሳብን መከልከል ሌላ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲዘረዝር ሥነ ጥበብን በስም ጠርቶ ያካትታል። ከተማው የራሱን ግድግዳ ለማን እንደሚሰጥ ሊመርጥ ይችላል። ምርጫው ግን ቀድሞ በተጻፈ መስፈርት እንጂ በዚያ ቀን በተሰበሰቡት ሰዎች ስሜት መሆን የለበትም። መስፈርቱ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ ሠዓሊው ግን ንድፉን ከመሥራቱ በፊት ያንብበው።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ይረሳል፦ የስፖንሰር ምልክት። ቀለም የሚገዛው ድርጅት «ጥጉ ላይ ሎጎዬን አድርጉልኝ» ይላል። መጀመሪያ ትንሽ ነው። ንድፉ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አድጓል። ሦስተኛው ላይ እናትየዋ የያዘችው ጠርሙስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያኔ ሥዕል መሆኑ ቀርቷል፤ የውጭ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 759። ስፖንሰሩ አልኮል አምራች ከሆነ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ጥብቅ ገደብ ይጨምርበታል። የስፖንሰሩን ስም ከሥዕሉ ውጭ፣ ሠዓሊዎቹ በተጻፉበት ትንሽ ሰሌዳ ላይ በተመሳሳይ የፊደል መጠን ማድረግ ነው የሚሻለው።

አሁን ያልኋችሁ ከባዱ ጥያቄ፦ ማንሣት።

ቋሚ ሥራ ሲገመገም ዓይን የሚያርፈው ዕድሜው ላይ ነው። አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ ለአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የሠሯቸው ባለቀለም መስታወቶች 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ፤ አዳራሹ ከተመረቀበት ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ጥያቄው «ሃምሳ ዓመት ይችላል ወይ?» ነው። ጊዜያዊ ሥራ ላይ ግን ጥያቄው ይገለበጣል። «በእርግጥ ይነሣል ወይ?»

እኛ አገር ጊዜያዊ የተባለ ነገር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ጊዜያዊ ቆርቆሮ፣ ጊዜያዊ ሱቅ፣ ጊዜያዊ ድልድይ። ልጅ ወልደው ይድራሉ። ሥዕልም ስድስት ወሩ ሲያልቅ ማንም አያስታውሰውም። ቀለሙ ይለቃል፣ የእናትየዋ ፊት ይላጣል፣ በላዩ የኮንሰርት ፖስተር ይለጠፋል። ያን ጊዜ መንገደኛ «ይህን ማን ነው የፈቀደው?» ይላል። ሥዕሉ አይደለም ያስወቀሰው፤ ሳይነሣ መቆየቱ ነው። ቀጣዩ ሠዓሊ ማመልከቻ ሲያስገባ ደግሞ «ያኛውንም አይተናል» ይባላል።

ስለዚህ ፈቃዱ ላይ ሦስት ነገር በቁርጥ ይጻፍ። የሚነሣበት ቀን፤ «በግምት» ወይም «እስከ ክረምት» አይባልም፣ ቀንና ወር ይጻፋል። የሚያነሣው ሰው ወይም ክፍል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ። ማንሣት ማለት ነጭ ቀለም አንዴ መለቅለቅ ብቻ አይደለም። ጥቁርና ቀይ በነጭ ቀለም ሥር እየታየ ይወጣል፤ መጀመሪያ ፕራይመር፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም ይፈልጋል። የዚህን ወጪ ከመጀመሪያው መያዣ አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል። ሥዕሉ ከተወደደና ይቆይ ከተባለ ይቆይ፤ ግን ቀኑ ሳያልፍ በአዲስ ማመልከቻ።

ማንሣቱ የሠዓሊውም ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ሠዓሊው ግድግዳውን ባይይዝም ከሥራው ጋር የሚቀርለት የሞራል መብት እንዳለ ይደነግጋል፤ ስሙ እንዲጠራ፣ ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው እንዳይበላሽ። ይህ ቀልድ እንዳልሆነ የኒውዮርክ አንድ ሕንፃ ባለቤት በውድ ዋጋ ተምሯል። ፋይቭ ፖይንትዝ በሚባለው ቦታ ሠዓሊዎች በሱ ፈቃድ ለዓመታት ሠሩ። ሕንፃው አንድ ቀን እንደሚፈርስ ሁሉም ያውቅ ነበር። ባለቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ሕጉ የሚጠይቀውን የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ በሌሊት ነጭ ቀለም አስረጨበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ቤት ለ45 ሥራዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር ለ21 ሠዓሊዎች እንዲከፍል ወሰነ። ይግባኝ ሰሚውም በ2020 አጸናው፤ ጊዜያዊ የሆነ ሥራም ጥበቃ ሊያገኝ እንደሚችል አስረግጦ። ያ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ አይሠራም። ጥንቃቄው ግን ይሠራል። ሠዓሊው «በዚህ ቀን እንደሚነሣ አውቄ ተስማምቻለሁ» ብሎ ይፈርም፤ ከተማውም ከመነሣቱ በፊት ፎቶ እንዲያነሣና ሸራ ከሆነ እንዲወስድ ቀን ይስጠው።

የሕዝቡን አስተያየት መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል የሚሉ አሉ። ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ከ1841 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐውልት ሳይቆምበት የቀረ መደብ አለ፤ ከ1999 ወዲህ ጊዜያዊ ሥራዎች ይፈራረቁበታል። ከመመረጣቸው በፊት የታጩት ሥራዎች ትንሽ ሞዴል ለሕዝብ ይታያል፣ ሰው አስተያየቱን ይሰጣል፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ግን የተሠየመው ቡድን ይወስናል። ይህ ልዩነት መያዝ አለበት። አስተያየት ድምፅ መስጠት አይደለም። እኛ ጋር ንድፉን በትልቁ አሳትሞ የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይና ራሱ አጥሩ ላይ ሁለት ሳምንት መስቀል ይበቃል። በስልክ ማያ ያየነውና ስድስት ሜትር ሆኖ የምናየው አንድ አይደለም።

ማመልከቻው ውድቅ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ። «ኮሚቴው አልተቀበለውም» ምክንያት አይደለም። «የታችኛው ልስን እርጥበት አለው፣ በሸራ ቢሆን ይታያል» ቢባል ሠዓሊው አሻሽሎ በሳምንቱ ይመለሳል። አልስማማም ካለም ቅሬታውን ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያቀርብ እዚያው ደብዳቤ ላይ ይጻፍለት።